የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምንድን ነው? ከጅማ ሆኖ ኢንጂነሪንግ ወይም አርክቴክቸር ለሚያስብ ተማሪ

ተማሪው «ኢንትራንስ»፣ ታላላቆቹ ደግሞ እስካሁን «ማትሪክ» የሚሉት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። የሚያዘጋጀውና የሚያርመው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ሲሆን ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከመጀመሪያው መለየት ያለበት ነገር አለ፦ ይህ ፈተና ማንንም ሲቪል ኢንጂነሪንግ ወይም አርክቴክቸር አያስገባም። የሚወስነው ዩኒቨርሲቲ መግባት አለመግባትንና የሚገባበትን ዩኒቨርሲቲ ነው። የዲፓርትመንት ጉዳይ የሚመጣው ፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት) ሲጠናቀቅ፣ ተማሪው በተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። «ልጄ ኢንጂነሪንግ አልፏል» የሚባለው የምስራች ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ይቀድማል።

ለኢንጂነሪንግና ለአርክቴክቸር የሚታሰበው የናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ተፈታኝ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ የሚደረገው 11ኛ ክፍል ሲገባ፣ ስትሪም (የትምህርት ዘርፍ) ሲለይ ነው። ሶሻል (ማኅበራዊ ሳይንስ) ገብቶ በኋላ ወደ ኢንጂነሪንግ መዞር አይቻልም። የናቹራል ተፈታኝ ስድስት ትምህርት ይፈተናል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ። እያንዳንዱ ከ100 ስለሚያዝ ድምሩ 600 ነው። ማለፊያው 50 በመቶ፣ ማለትም 300 ነው።

300 ትንሽ ይመስላል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ተማሪው በአንድ ዓመት ሰንፎ አይደለም። ቀድሞ ኩረጃና የፈተና መሰረቅ ይሸፍኑት የነበረው ክፍተት ገሃድ ወጣ እንጂ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ብዙ ነጥብ የሚባክነው እዚህ ነውና። አንድ ተማሪ ሒሳብ 44፣ ፊዚክስ 46፣ ኬሚስትሪ 52፣ ባዮሎጂ 61፣ እንግሊዝኛ 58፣ አፕቲትዩድ 55 አመጣ እንበል። ድምሩ 316 ነው፤ አልፏል። ሒሳብና ፊዚክስ ከግማሽ በታች ሆነው ሳለ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ተሸክመው አሳልፈውታል። የዚሁ ተማሪ እንግሊዝኛ 38 ቢሆን ኖሮ ድምሩ 296 ይሆንና በአራት ነጥብ ይወድቅ ነበር። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ተማሪ ሌሊቱን ሁሉ በሒሳብና በፊዚክስ ሲጨርስ እንግሊዝኛን «በኋላ አያታለሁ» ይላል። ማለፊያው የሚቆጠረው ግን በድምር ነው፤ ለእንግሊዝኛ አንድ ነጥብና ለፊዚክስ አንድ ነጥብ እኩል ናቸው።

ጥያቄዎቹ ግን እኩል ዋጋ የላቸውም። ባለፉት ዓመታት ወረቀቶች እንግሊዝኛ 120፣ ባዮሎጂ 100፣ ኬሚስትሪ 80፣ ሒሳብ 65፣ ፊዚክስ 50 ጥያቄ ይዘው ታይተዋል። ቁጥሩ ሊቀየር ስለሚችል የወረቀቱን ሽፋን ማንበብ ግድ ነው። ሁሉም ወደ 100 ስለሚቀየር ግን አንድ የፊዚክስ ጥያቄ 2 ነጥብ፣ አንድ የሒሳብ 1.5 ገደማ፣ አንድ የባዮሎጂ 1 ነጥብ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ደግሞ ከ1 በታች ይሆናል። ከላይ ያለውን ተማሪ ሊጥለው የነበረው አራት ነጥብ ሁለት የፊዚክስ ጥያቄ ማለት ነው።

ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ባዶ የተተወ ጥያቄ ምንም አይጠቅምም። ከ65 የሒሳብ ጥያቄ 10ሩ ላይ ጊዜ ካለቀና ሁሉም አራት ምርጫ ካላቸው፣ በግምት ብቻ ቢጠቆሩ በአማካይ ሁለት ተኩል ያህሉ ይመታሉ፤ ወደ 4 ነጥብ ገደማ ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያልተሠራውን በሙሉ መሙላት እንጂ አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ መሟገት አያዋጣም። ለ65 የሒሳብ ጥያቄ 3 ሰዓት ሲሰጥ ለአንዱ የሚደርሰው 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ነው። 120 የእንግሊዝኛ ጥያቄ በ2 ሰዓት ሲሆን ደግሞ አንድ ደቂቃ ብቻ። የንባብ ምንባቡን መጨረሻ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ሳያነበው ደወል ይደወልበታል።

ካልኩሌተር አይፈቀድም። ለዚህ ነው በካልኩሌተር የለመደ ተማሪ ቀመሩን እያወቀ የሚወድቀው። አንድ ጥያቄ በቅርበት እንይ፦ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ በ5 ሰከንድ ቆመ፤ የፍጥነቱ መቀነስ መጠን ስንት ነው? ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ 72ን ለ3.6 አካፍሎ 20 ሜትር በሰከንድ ማግኘት፣ ከዚያ ለ5 ማካፈል ነው፤ መልሱ 4 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል። አሃዱን ሳይቀይር 72ን ለ5 ያካፈለ 14.4 ያገኛል፤ 14.4ም ከምርጫዎቹ መካከል ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ጥያቄ አውጪዎች የተሳሳተውን ምርጫ በዘፈቀደ አይጽፉትም፤ ተማሪ በተለምዶ የሚሳሳትበትን መንገድ ተከትለው ያወጡታል። «መልሴ ምርጫው ውስጥ አለ» ማለት ትክክል ነኝ ማለት አይደለም። የቆዩ ፈተናዎችን የሚሠራ ተማሪ መልሱን ከማየት ይልቅ ሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች ከምን ስህተት እንደመጡ ቢጽፍ ከማንኛውም ወርክሺት የበለጠ ይማራል።

አፕቲትዩድ የሚጠና ምዕራፍ ስለሌለው ይናቃል። የቃላት ዝምድናን፣ ዓረፍተ ነገር ማሟላትን፣ የቁጥር ቅደም ተከተልን፣ ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብን፣ ምክንያታዊ ድምዳሜን ይጠይቃል። በሰዓት የተገደበ ልምምድ ብቻ ነው የሚያሻሽለው።

ወረቀት ላይ ለሚፈተን ዋናው አደጋ አንሰር ሺቱ (የመልስ መስጫ ወረቀቱ) ነው። በእርሳስ የሚጠቆረውን ክብ የሚያነበው ማሽን ስለሆነ ማሽኑ የተማሪውን ሐሳብ አይገምትም። ከባዱን 23ኛ ጥያቄ ዘልሎ የ24ኛውን መልስ በ23 ቁጥር ላይ ያጠቆረ ተማሪ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተትበታል። በየ10 ጥያቄው የወረቀቱንና የአንሰር ሺቱን ቁጥር ማመሳከር ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ሌላው የጥያቄ ወረቀቱ ኮድ ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ተማሪዎች የተለያየ ኮድ ሊደርሳቸው ስለሚችል ኮዱን በስህተት ያጠቆረ ሰው በሌላ ሰው መልስ ቁልፍ ይታረማል። በደንብ ያልጠፋ እርሳስ ደግሞ ሁለት መልስ ሆኖ ይነበባል። ንጹሕ ላጲስ ይዞ መግባት ቀላል ነገር ይመስላል፤ በላብ የራሰ ላጲስ ወረቀቱን ሲያጠቁር ያየ ሰው ግን አይንቀውም።

ከ2016 ጀምሮ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒውተር ነው የሚፈተነው። በዚህ የማጥቆር ችግር የለም፤ ግን ማውስ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከመሣሪያው ጋር ሲታገል ያጠፋዋል። ኮምፒውተሩ ቢቆም ዝም ብሎ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያው እጅ አውጥቶ ፈታኙን መጥራት ነው።

ወረቀት ላይ የሚፈተን ተማሪ የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድሮ ነው። የጅማ ከተማ ልጅም ቢሆን ከመንደራ ወይም ከቆጪ በባጃጅ እየተመላለሰ አይፈተንም፤ ከአጋሮና ከሊሙ እንደሚመጣው ተማሪ ዶርም ይይዛል። ሞባይልና ስማርት ሰዓት ክልክል ነው፤ ይዞ መገኘት ብቻውን ከፈተና ያሰናብታል። አድሚሽን ካርድ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫና ብርድ ልብስ ይያዝ። ፈተናው በክረምት መግቢያ ላይ ሲውል የጅማ ዝናብ ከሰዓት በኋላ አይቀርምና አድሚሽን ካርዱን በፕላስቲክ መጠቅለል፣ ቅያሪ ጫማና ጃኬት መያዝ ትርፍ አይደለም።

ከዚያ በፊት ግን ምዝገባው አለ። የስም፣ የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ፣ ጾታ፣ ስትሪምና ፎቶ ትምህርት ቤቱ ሲያሳይ በፊደል በፊደል ይታይ። በምዝገባ ሰሞን በአንድ ቀን የሚታረም ስህተት ውጤት ከወጣ በኋላ ለሳምንታት ያመላልሳል።

ውጤት ሲወጣ ያለፈው ተማሪ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል በኦንላይን ይሞላል። ምደባው በውጤትና በየዩኒቨርሲቲው የመቀበል አቅም ስለሚሠራ ጅማ ተወልዶ ማደግ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለመመደብ ዋስትና አይሆንም። ቂጦ ፉርዲሳ ያለውን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከልጅነቱ እያየ ያደገ ልጅ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል። አርክቴክቸር ለሚፈልግ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ ትምህርቱ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም። ምርጫ ከመሙላት በፊት የየዩኒቨርሲቲውን የዲፓርትመንት ዝርዝር ማየት አለበት። ዩኒቨርሲቲው አርክቴክቸር ከሌለው ፍሬሽማን ላይ አንደኛ መውጣትም አያመጣውም።

ሦስት ተቋማት ለየት ይላሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ልደታ ያለው የአርክቴክቸር ኢንስቲትዩት የሚገኘው በእሱ ሥር ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ብሔራዊ ፈተናውን ካለፉት መካከል በራሳቸው ፈተና ይመርጣሉ። ማመልከቻው የሚከፈተው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ወሬ ጠብቆ የሚሄድ ተማሪ ያመልጠዋል።

ፍሬሽማን ሲገባ ያ 316 ያመጣ ተማሪ ሒሳብና ፊዚክስ ይጠብቁታል፤ ቀጥሎ አፕላይድ ማቲማቲክስ። ባዮሎጂ አሁን አይሸከመውም። ዲፓርትመንት የሚመደበው በፍሬሽማን ነጥብ ሲሆን የመግቢያ ፈተናውን ውጤት ደርበው የሚያሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ መመሪያው በመጀመሪያው ሴሚስተር ይጠየቅ። አንዳንድ የአርክቴክቸር ዲፓርትመንት የእጅ ስዕል ፈተና ይጨምራል። ወንበር፣ በር፣ ደረጃ እያዩ በ2ቢ እርሳስ ያለ ማስመሪያ መሣል ለመለማመድ ዩኒቨርሲቲ መግባት አይጠበቅም።

300 ያልሞላለት ሁሉ ቤቱ አይቀመጥም። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ በሚያወጣው መቁረጫ ነጥብ ውስጥ የገባ ሬሜዲያል ይመደባል። ወደ አራት ወር የሚወስድ ማካካሻ ትምህርት ሲሆን 30 በመቶው ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ምዘና፣ 70 በመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይያዛል። ያለፈ ፍሬሽማን ይገባል፤ ኢንጂነሪንግም አልተዘጋበትም። መቁረጫው ውስጥ ያልገባ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ በሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል።