ዊዳል «ፖዘቲቭ» ሲል ምን ማለት ነው?

«ሐኪሙ የታይፎይድ ምርመራ አላዝልህም አለኝ» የሚል ቅሬታ በዝቷል። ለታይፎይድ በብዛት የሚታዘዘው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። እሱ ደግሞ ከዳንን በኋላም ለወራት ደማችን ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ለምሳሌ ከጥቂት ወራት በፊት ከታይፎይድ የዳነች ሴት ዛሬ ጉንፋን ይዟት ቢያተኩሳት ውጤቷ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ከዚያ የማያስፈልጋትን አንቲባዮቲክ ትውጣለች። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አንድ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ ይህ እርግጥ ነው። ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ይሻላል፣ ግን ቀናት ይወስዳል፣ በየጤና ጣቢያውም አይገኝም። ስለዚህ የሚታዘዘው ምርመራ እንደ ምልክቱና እንደ ቦታው ይለያያል። መርምሩኝ ማለት ነውር የለውም። ግን «ዶክተር፣ ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል?» ብላችሁም ጠይቁ።