ወገበ ቀጭን ፒኖች፦ በሲሊንደር ቁልፍ ውስጥ ስላሉ የመከላከያ ፒኖች ዳሰሳ

መከላከያ ፒን በሲሊንደር ቁልፍ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ የብረት ዘንግ ነው። ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ይሠራል። ተራው ፒን ቀጥ ያለና ለስላሳ ነው። የመከላከያው ወገቡ የተሰረጎደ፣ አናቱ የሰፋ ወይም ዙሪያው የተቦረቦረ ነው። ሥራው ያለ መክፈቻ ቁልፉን ለመክፈት የሚሞክርን ሰው ማሳሳት ነው። በአማርኛ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላልተጻፈ፣ ይህን ያጠናቀርኩት ደሴ ፒያሳ ከቁልፍ ቀራጮች ጠረጴዛ ላይ ካየሁትና ስለ ቁልፍ ታሪክ ካነበብኩት ነው። ወሎም ውስጥ እንደሌላው አገር የበሩንም የኪሱንም "ቁልፍ" እንላለን። እዚህ እንዳይምታታ የበሩን ቁልፍ፣ የኪሱን መክፈቻ እላለሁ።

ሲሊንደሩ ሁለት ክፍል አለው። ውጭው አይንቀሳቀስም። ውስጡ መክፈቻ የሚገባበት ልብ ነው፤ የሚዞረውም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳዎች ሁለቱን ክፍሎች ያቋርጣሉ። በየቀዳዳው ሁለት ፒን ተደራርቦ ይቀመጣል፣ ከላያቸው ደግሞ ሞላ አለ። ሞላው ሲጫን የላይኛው ፒን ግማሹ ልቡ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭው ክፍል ውስጥ ሆኖ ይቀረቅራል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ያነሳል። የሁለቱ ፒኖች መገናኛ ልክ የልቡ ጠርዝ ላይ ይውላል። በቃ፣ ዞረ።

ደካማ ጎኑ ያለው ከማምረቻው ነው። ቀዳዳዎቹ ፍጹም በአንድ መስመር አይበሱም። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ናት፤ ግን ልቡ በትንሹ ሲጠመዘዝ ፒኖቹ ሁሉ እኩል አይያዙም። ስለዚህ አንድ በአንድ ማንሳት ይቻላል። የመከላከያ ፒን የመጣው ይህን ለመዝጋት ነው።

የፒን ቁልፍ ሐሳብ በጣም ጥንታዊ ነው። በዛሬዋ ኢራቅ ኮርሳባድ ፍርስራሽ ውስጥ የእንጨት ፒን ያለው የበር ቁልፍ መገኘቱ ይነገራል። ብዙዎች ዕድሜውን 4,000 ዓመት ያደርሱታል። ቤተ መንግሥቱ ግን የአሦሩ ንጉሥ የዳግማዊ ሳርጎን ነው። እሱ የነገሠው በ8ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለሆነ ወደ 2,700 ዓመት ቢባል ይሻላል።

የማሳሳት ዘዴው ግን ከፒን ቁልፍ ውጭ ነው የተጀመረው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1784 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራውን ቁልፍ አወጣ። በ1817 አብሮት ይሠራ የነበረ ራስል የሚባል ሰው በዚሁ ቁልፍ ውስጥ መክፈቻው በሚገፋቸው ተንሸራታች ብረቶች ላይ የሐሰት ጥርስ ጨመረበት። ለመክፈት የሚሞክረው ሰው "አገኘሁት" ብሎ የሚቆምበት ግን የማያስከፍት ጥርስ ማለት ነው። የብራማ ፋብሪካ ቁልፉን በለንደን ሱቁ መስኮት ላይ ሰቅሎ ለሚከፍተው 200 ጊኒ (የያኔ የእንግሊዝ ገንዘብ) ሽልማት አዘጋጅቶ ነበር። በ1851 በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን ወቅት አሜሪካዊው አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ ከፈተው። 51 ሰዓት ፈጅቶበታል፤ ያውም በ16 ቀናት ተከፋፍሎ። ተሸነፈ ቢባልም ለዚያ ቁልፍ ትልቅ ምስክር ነው።

ዛሬ በየቤታችን ያለው የፒን ቁልፍ የአሜሪካውያኑ የየል አባትና ልጅ ሥራ ነው። አባትየው ሊነስ የል የፒን ቁልፉን በ1848 አስመዘገበ። ልጁ ሊነስ የል ታናሹ በ1861 እና በ1865 አሻሽሎ ጠፍጣፋዋን መክፈቻ አመጣ። ከሄንሪ ታውን ጋር በ1868 ኩባንያ መሠረተና በዚያው ዓመት አረፈ። ፒያሳ የሚቀረጸው አብዛኛው መክፈቻ የዚያች ጠፍጣፋ መክፈቻ ዘር ነው።

አሁን ወደ ፒኖቹ። አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ተፈትቶ ጨርቅ ላይ ሲዘረገፍ አይቻለሁ። ውፍረታቸው ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከምስር ፍሬ ያነሱ ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ወገበ ቀጭን ነበሩ። በሌላው ዓለም ስፑል ይባላሉ፣ ክር የሚጠመጠምበትን እንጨት ስለሚመስሉ። ያለ መክፈቻ ሲሞከር ልቡ ትንሽ ይዞርና ወገቡ ውስጥ ይወሽቃል። ሰውየው የተከፈተለት ይመስለዋል፤ ቁልፉ ግን ነክሶ ይዞታል። እንጉዳይ ፒን አንደኛው ጫፉ ሰፊ፣ ከሥሩ ቀጭን ነው፤ አጋድሎ ይያዛል። ጥርሳሙ ፒን ዙሪያውን ትናንሽ ቦይ አለው፤ በየቦዩ ስለሚያዝ እውነተኛውን ቦታ መለየት ያስቸግራል። አሜሪካን ሎክ የሚባለው ኩባንያ በጓጉንቸሮቹ ውስጥ የላይኛውንም የታችኛውንም ፒን ጥርሳም ማድረጉ ይታወቃል። አሳ (ASSA) የሚባለው የስዊድን ኩባንያ ደግሞ ብርሌ የሚመስል፣ አንገቱ እየቀጠነ የሚሄድ ፒን አለው። ለእኔ ከሁሉም ቆንጆው እሱ ነው።

አንዳንዶቹ ከቅርጽ አልፈዋል። ሜዴኮ የሚባለው ኩባንያ በ1968 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ተቋቁሞ፣ ሲነሳ ራሱን የሚያዞር ጫፈ ሹል ፒን አመጣ። ከፍታው ብቻ ሳይሆን የዞረበት አቅጣጫም ልክ መሆን አለበት። የእስራኤሉ መልቲሎክ ኩባንያ ፒን ውስጥ ሌላ ፒን ይከታል። በኤምሃርት ቁልፍ የላይኛውና የታችኛው ፒን ተቆላልፈው ካልዞሩ አይላቀቁም። በማግኔት የሚሠሩም አሉ። ከትራፓኖ ለመከላከል ደግሞ የጠነከረ ብረት ፒን ይገባል።

ለወሎ አንባቢ ዋናው ቁም ነገር ጥገናው ላይ ነው። ልቡ ያለ ማስደገፊያ ከተሳበ ሞላዎቹ ፒኖቹን ያስፈነጥሯቸዋል። አንዷ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ትጠፋለች። በምትኳ ተራ ፒን፣ አንዳንዴም የተቆረጠ የነሐስ ሽቦ ይገባል። መክፈቻው ያው ይከፍታል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ቁልፉ ግን መከላከያውን አጥቷል። ይህን በውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ጎበዝ የደሴ ቀራጭ ጨርቅ ያነጥፋል፣ ፒኖቹን በቅደም ተከተላቸው ይደረድራል። እንዲህ የሚሠሩትን በዓይኔ አይቻለሁና እኮራባቸዋለሁ።

ሌላው የተለመደ ችግር "ይዞራል ግን አይከፍትም" የሚባለው ነው። መክፈቻው ሲቀረጽ ከልኩ በላይ ከተቆረጠ ወገበ ቀጭኑ ፒን በበቂ አይነሳም። ልቡ ትንሽ ዞሮ ወገቡ ላይ ይቆማል፤ ቁልፉ የራሱን ባለቤት እንደ ሌባ ቆጠረው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን በሊማ መሞረድ ያብሰዋል። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው መክፈቻ፣ ከቅጂ ቅጂ ሳይሆን፣ እንደገና ማስቀረጽ ነው። የምግብ ዘይት ማፍሰስም ይቅር። ከአቧራ ጋር ተጣብቆ የጥርሳሙን ፒን ቦይ ይደፍናል። የመጻፊያ እርሳስ (ግራፋይት) ዱቄት ይሻላል።

ፒን ጉልበትን አያቆምም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሱቅና መጋዘን ተዘርፏል። በር ለሚሰብር ሰው የፒን ቅርጽ ምኑም አይደለም። የፒን ሥራ በጸጥታ የሚመጣውን መከላከል ነው። ለእሱ ደግሞ የቁልፉ ክብደት ምንም አይናገርም። ደሴ ገበያ ቁልፍ በእጅ እየተመዘነ ሲገዛ አያለሁ። ሻጩን ውስጡ ስንት ፒን እንዳለ፣ ወገበ ቀጭን እንዳለበትም መጠየቅ ይቻላል። ለጥገና ሲሰጥ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ የወጡትን ፒኖች መቁጠርና ሲመለሱ እንደገና መቁጠር።