የመጠበቂያ ጊዜ ምንድን ነው? ታዳሚው ጭጭ ሲል

ስልጠና ወይም ስብሰባ መርቶ የሚያውቅ ሰው ይህችን ቅጽበት ያውቃታል። "ጥያቄ ያለው?" ይላል። አዳራሹ ጭጭ። አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላዋ የደብተሯን ጠርዝ ትጠቀልላለች። ተናጋሪው ይጨንቀዋል። "ከሌለ እንቀጥል" ብሎ ስላይዱን ያሳልፋል። ሰዓት ቢያዝበት ግን የጠበቀው ከአንድ ከሁለት ሰከንድ ላያልፍ ይችላል።

የመጠበቂያ ጊዜ የሚባለው ይህ ክፍተት ነው። ጠያቂው ጥያቄውን ከጨረሰ በኋላ እንደገና አፉን እስኪከፍት ድረስ ያለው ማለት ነው።

ጉዳዩን ያጠናችው አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው ናት። የክፍል ውስጥ ትምህርቶችን በቴፕ ቀድታ አዳመጠች። መምህራኑ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ሥራዋ እንዳሳየችው፣ ጥበቃው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን መልሶቹ ረዘሙ። ዝም የሚሉት ልጆች ቁጥር ቀነሰ። ደካማ ተብለው የተተዉትም መናገር ጀመሩ።

ሁለተኛ ጥበቃም አለ፤ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው እሱን ነው። አንዲት ሠራተኛ እጇን አውጥታ "ፎርሙ ትንሽ ይከብዳል" አለች እንበል። ተናጋሪው ወዲያው "በጣም ጥሩ፣ እናመሰግናለን" ካለ ነገሩ እዚያው ተዘጋ። ፊቷን እያየ ትንሽ ዝም ቢል ግን "ማለቴ… ባለጉዳዩ ማንበብ ካልቻለ እኛው ነን የምንሞላለት፣ ከዚያ ስህተቱ በእኛ ይሆናል" ትላለች። ስብሰባው የተጠራው ይህን ለመስማት ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መንደርደሪያ ብቻ ነው።

በእኛ አዳራሾች ሦስት ሰከንድ የሚበቃ አይመስለኝም። ሰው መልሱን ከማሰብ ሌላ ዙሪያውን ይቃኛል። አለቃዬ አለ? ታላላቆች ሳይናገሩ እኔ ልቅደም? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ከባድ ሒሳብ ነው። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያሰበውን መልሶ መተርጎም አለበት። እስከ አስር ሰከንድ መታገስ ምንም አያጎድልም። ማርከሩን ማስቀመጥ፣ ውሃ መጎንጨት፣ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ላይ ማፍጠጥ ግን ያስደነግጣል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። "እንቆቅልህ" ሲባል "ምን አውቅልህ" ይባላል፤ ከዚያ ጠያቂው ይጠብቃል። ልጆቹ ይሞክራሉ፣ ይስታሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። "አገር ስጠኝ" የሚመጣው ሲያቅታቸው ነው። መልሱን ቶሎ የሚናገር ጠያቂ ጨዋታውን ያበላሻል።

ጥያቄው ራሱ መጥፎ ከሆነ ግን ጥበቃ አያድነውም። "ግልጽ ነው?" ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። "ነገ ቢሮ ገብታችሁ ይህን ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ የቱ ጋ ነው?" የሚለው ግን ሰው እንዲያስብ ያደርጋል።

ተጠብቆም ዝም ካሉ፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ላይማን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። መጀመሪያ ለብቻ ማሰብ፣ ቀጥሎ ከጎን ካለው ሰው ጋር መነጋገር፣ ከዚያ ለሁሉም ማካፈል ነው። ሁለት ደቂቃ ሲሰጣቸው አዳራሹ ይንጫጫል። ያኔ "እናንተ ጋ ምን ተባለ?" ብሎ መጠየቅ ነው። የሚናገረው ሰው የሁለቱን ሐሳብ ስለሚያቀርብ ብቻውን አይጋለጥም። "አንተ፣ ከኋላ ያለኸው!" ብሎ ድንገት መጥራት ግን ሌላውንም ያስደነግጣል፤ ሁሉም አንገቱን ይደፋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጥያቄው ከተሰማ ነው። ስለዚህ ሰው ሳይገባ ማይኩን መሞከር፣ አንድ ሰው መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጦ ይሰማው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።