የምህንድስና ሥርዓተ ትምህርት ቀረጻ በጎጃም

በጎጃም የቴክኒክ ትምህርት የተተከለው ፋብሪካ አጠገብ ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ከትምህርት ክፍሎቹ መካከል ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራና የእርሻ መካኒክ ይገኙ ነበር። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ኃይል የሚሰጠው የጢስ ዓባይ ማመንጫም የዚያው ዘመን ሥራዎች ናቸው። ተቋሙ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ የእንጅባራውም ቆይቶ ተከተለ።

ከመቶ ሰባው ተማሪ በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የ70/30 ፖሊሲ የምህንድስና ተማሪውን ቁጥር በአንድ ጊዜ አበዛው። ወርክሾፑና ማሽኑ ግን በዚያው ፍጥነት አልበዛም።

ሥርዓተ ትምህርት ሲቀረጽ በደንቡ መሠረት አስቀድሞ የፍላጎት ዳሰሳ ይደረጋል፤ ከዚያ የተመራቂው ፕሮፋይል፣ ማለትም ሲመረቅ ሊኖረው የሚገባው ዕውቀትና ክህሎት፣ ይጻፋል፤ ኮርስና ክሬዲት ይደለደላል፤ ሴኔት ያጸድቃል። የሥራው ነፍስ ያለው ዳሰሳው ላይ ነው። መጠይቅ ለሥራ አስኪያጅ ልኮ መልስ መጠበቅ አይበቃም፤ የጥገና ክፍሉን ሰው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ማነጋገር ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ተማሪው ክፍል ውስጥ የቤሪንግን፣ ዘንግ ተደግፎ የሚሽከረከርበትን ዕቃ፣ ዕድሜ በቀመር ያሰላል። ፋብሪካ ሲገባ ያንኑ ዕቃ ኩሽኔታ ሲሉት ይሰማል። ነባሩ መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ቤት ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥና «ይሄ ሳምንት አይቆይም» ይላል። ጥሩ ኮርስ ሁለቱን ያገናኛል፦ ጆሮው የሰማውን ድምፅ በንዝረት መለኪያ ያስለካል፣ ቀመሩ ከሚለው ጋር ያስተያያል፣ ቅባት ማነስ ይሁን የዘንግ መዛባት ምክንያቱን ያስመረምራል። ክር ፈተላ ላይም እንዲሁ ነው። አየሩ ሲደርቅ የጥጥ ክር ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፤ ስለ እርጥበት ቁጥጥር የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ቢነሳ ተማሪው አይረሳውም።

ዋናው ድልድይ ኢንተርንሺፑ ነው፤ ተማሪው ለአንድ ሴሚስተር ያህል ድርጅት ውስጥ ይቆያል። ጎጃም ውስጥ ይህ የሚሠምረው ከፋብሪካው የሥራ ወቅት ጋር ሲገጥም ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአካባቢው ኢንዱስትሪ አብዛኛው ጥሬ ዕቃውን ከእርሻ ያገኛልና። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መሰጠቱ መምህሩም ተማሪውም ዓይናቸውን ወደ ወረቀቱ እንዲያዞሩ አድርጓል፤ ስለዚህ ፋብሪካ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ከበፊቱ ይበልጥ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ለወቅቱ ጉዳይ ምሳሌ በጃዊ በኩል ያለውን የጣና በለስን ስኳር ፋብሪካ እንመልከት። ስኳር ፋብሪካ በክረምት አገዳ መፍጨቱን ያቆምና ዓመታዊ ጥገና ይገባል። የመካኒካል ተማሪ መፍጫው ተፈትቶ፣ ሮለሩ ወጥቶ፣ የተበላው ጥርስ ሲሞላ የሚያየው ያኔ ነው። የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ግን በዚያ ወቅት ቢላክ የሚያገኘው የቀዘቀዘ ማፍያ ነው፤ የእሱ ጊዜ ጭማቂው የሚፈላበት በጋ ነው።