«ይተኛ፣ ይወጣለታል»፦ ስለ ታዳጊ ተማሪዎች መጠጥ፣ ሲጋራና ዕፅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወላጆችና መምህራን ስለ መጠጥ፣ ስለ ሲጋራና ስለ ዕፅ የሚያምኗቸው ብዙ የተሳሳቱ ነገሮች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ያዘገያሉ። «ዕድሜው ነው»፣ «ይተወዋል»፣ «ጠዋት ይሻለዋል» ሲባል አንዳንዴ ሰዓታት፣ አንዳንዴ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚህ በታች የምናርማቸውን የደረደርነው በዚሁ መለኪያ ነው፤ ቶሎ ከሚገድለው ስህተት እንጀምራለን።

«ሰክሮ ነው፤ ይተኛ፣ ጠዋት ይሻለዋል»

እውነታው፦ ልጁ መጠጣቱን ካቆመ በኋላም ስካሩ ይጨምራል። በሆዱና በአንጀቱ የቀረው አልኮል ወደ ደም መግባቱን ስለማያቆም፣ በተለይ በጥድፊያ ከጠጣ፣ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ሊያድግ ይችላል። እየተንገዳገደ መጥቶ አልጋው ላይ የወደቀ ልጅ ገና ከፍተኛው ስካር ላይ አልደረሰም ማለት ነው። መጠኑ በጣም ሲበዛ ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይደነዝዛል። ጉሮሮ ባዕድ ነገር ሲነካው የሚያስለው ተፈጥሯዊ መከላከያም ይጠፋል፤ በጀርባው የተኛ ልጅ ካስመለሰ ትውከቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋል። በዚህ ላይ አልኮል ጉበት አዲስ ስኳር እንዳያመርት ያግዳል። የልጆች የስኳር ክምችት ትንሽ በመሆኑ ምግብ ሳይበሉ ከጠጡ የደም ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ።

ከሚከተሉት አንዱ ብቻ ከታየ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሌላውን ምልክት መጠበቅ አይገባም፦ ሲጠሩትም ሲቆነጥጡትም የማይነቃ፤ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች የሚተነፍስ፤ በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚያልፍበት፤ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ የጠቆረ፣ ቆዳው ቀዝቅዞ የረጠበ፤ የሚንቀጠቀጥ፤ ሳይነቃ የሚያስመልስ። ትንፋሹን ስትቆጥሩ እጃችሁን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ በሰዓት ያዙ። በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለዘገየ ትንፋሽ አያስተማምንም።

እርዳታ እስኪደርስ በጎኑ አስተኙት። አጠገቡ ተንበርከኩ፤ በእናንተ በኩል ያለውን ክንዱን ወደ ጎን ዘርጉት። የሌላኛውን እጁን ጀርባ በእናንተ በኩል ካለው ጉንጩ ጋር አገናኝታችሁ ያዙ። ከዚያ በነጻ እጃችሁ የራቀውን ጉልበቱን አጥፋችሁ ወደ እናንተ ሳቡት፤ መላ ሰውነቱ ተከትሎ ይዞራል። አገጩን ትንሽ ቀና አድርጉለት፣ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል። ጣት ከትቶ ለማስመለስ አትሞክሩ። ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አትተዉት። ትንፋሹ ከቆመ ግን በጀርባው አስተኝታችሁ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እየገፋችሁ ተጫኑ።

ብዙ ጊዜ እርዳታ የሚዘገየው አብረውት የጠጡት ጓደኞቹ ቅጣት ስለሚፈሩ ነው። «ጓደኛ ከወደቀ ደውሉ፤ በመደወላችሁ አትቀጡም» የሚለውን ቃል ወላጆችና ትምህርት ቤቶች አስቀድመው ሊሰጡና ሊጠብቁት ይገባል።

«ቡናና ቀዝቃዛ ውሃ ስካር ያበርዳል»

እውነታው፦ ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ያስወግዳል፤ የሚያፋጥነው ነገር የለም። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ ይይዛል። አራት ጠርሙስ 52 ግራም ነው፤ ከሰውነት ለመውጣት ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይፈልጋል። ሌሊት የጠጣ ተማሪ ጠዋት ክፍል ሲቀመጥ አልኮሉ ገና ላይወጣለት ይችላል። ቡና የሚያደርገው የነቃ ሰካራም መፍጠር ነው፤ ልጁ የተሻለው ይመስለዋል፣ ይጨምራል። አልኮልን ከኃይል ሰጪ መጠጥ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ የባሰ ነው። አልኮል የቆዳ የደም ሥሮችን ከፍቶ የሰውነትን ሙቀት ያባክናልና፣ የሰከረ ልጅ ላይ ውሃ ሲፈስበት በቅዝቃዜ ይጎዳል፣ ይንሸራተታል።

«ቢራ ነው የጠጣው፣ አረቄ አይደለም»

እውነታው፦ ከላይ ያለው ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ያለው አልኮል 40 በመቶ ከሆነ መጠጥ 40 ሚሊ ሊትር ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለሰውነት ልዩነት የለውም።

«ማስቲሽና ቤንዚን ማሽተት የልጅ ጨዋታ ነው»

እውነታው፦ በመጀመሪያው ቀን ሊገድሉ ከሚችሉት አንዱ ይህ ነው። የማስቲሽ፣ የቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛና የሚረጩ ጣሳዎች ትነት የልብን ጡንቻ ለአድሬናሊን (ሰውነት ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥ ለሚያመነጨው ንጥረ ነገር) ከልክ በላይ ስሜታዊ ያደርገዋል። በዚያ ቅጽበት ልጁ ቢደነግጥ ወይም ቢሮጥ የልብ ምቱ ሊዘበራረቅና ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሲያሸት ያገኛችሁትን ልጅ አትጩኹበት፣ አታባርሩት፣ አትታገሉት። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ቅረቡት፣ ዕቃውን ከእጁ ውሰዱ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጥታችሁ አስቀምጡት፣ እስኪረጋጋ አብራችሁት ቆዩ። እሳትና ሲጋራ አጠገቡ አይኑር። ቁጣውን ለነገ አሳድሩት።

«ከፋርማሲ የመጣ ስለሆነ አይጎዳም»

እውነታው፦ መድኃኒት አደጋው የሚቀንሰው መጠኑ፣ ሰውየውና ሕመሙ ሲገናኙ ነው። ትራማዶልና ኮዴይን የተባሉት ክኒኖች ኦፒዮይድ የሚባለው የጠንካራ ሕመም ማስታገሻ ቤተሰብ ናቸው፤ ሲበዙ ትንፋሽን ያዘገያሉ። ትራማዶል በተጨማሪ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ጉበቱ እነዚህን መድኃኒቶች በጣም በፍጥነት ወደ ጠንካራው መልካቸው ስለሚለውጥ፣ ጓደኛው ምንም ያልሆነበት መጠን እሱን ሊጥለው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ክኒን፣ የእንቅልፍ ክኒንና አልኮልን አንድ ላይ መውሰድ ደግሞ ትንፋሽ የሚያቆመውን ኃይል መደራረብ ነው።

የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ፣ ትንፋሹ ዘግይቶ፣ አልነቃ ካለ ኦፒዮይድ ጠርጥሩ። ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ይመልሰዋል፤ ሆኖም ኃይሉ የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ቢነቃም ወደ ሕክምና መሄድ አይቀርም። ቤት ውስጥ የተረፈ ክኒን ካለ ቆጥራችሁ ቆልፉበት፤ የማያስፈልገውን ወደ ፋርማሲ መልሱ።

«ቬፕ የውሃ ትነት ነው፤ ሺሻም በውሃ ተጣርቶ ነው የሚመጣው»

እውነታው፦ ቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ውስጥ ብዙ ጊዜ ውሃ ሳይሆን ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ጣዕም ሰጪ ኬሚካልና ኒኮቲን ነው ያለው። በሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለው 2 ሚሊ ሊትር ዕቃ በድምሩ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ከአንድ ሲጋራ ወደ አጫሹ ደም የሚገባው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ አነጻጽሩት። አምራቾች ኒኮቲኑን ከአሲድ ጋር አዋሕደው ጨው መልክ ስለሚያደርጉት ጉሮሮ አይቆረቁርም። ሲጋራ ለጀማሪ ልጅ የሚያስል፣ የሚያስመርር ነበር፤ ያ እንቅፋት እዚህ ተነስቷል። ሲጋራ ደግሞ ያልቃል፣ ይህ ግን በኪስ ተይዞ ቀኑን ሙሉ ይሳባል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በቬፕ ምክንያት በደረሰ የሳንባ ጉዳት እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ ወይም ሞቱ፤ ከነዚህ 68ቱ ሞተዋል። ዋናው ተጠያቂ በካናቢስ (ማሪዋና) ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ውህድ ሆኖ ተገኝቷል። ልጁ የሚስበውን ነገር ማን እንደቀመመው አለማወቁ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

የሺሻ ውሃ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያነጻውም። ስለ ቀዘቀዘ ጠልቆ ይሳባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ የሚሳበው ጭስ በመጠኑ ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ይደርሳል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ራስ ምታት፣ ማዞርና ራስን መሳት ያመጣል።

«በቀን አንድ ሲጋራ ምን ይላል?» ለሚሉት፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ ጥናት በቀን አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም ስጋት ግማሽ ያህሉን እንደሚሸከም አሳይቷል።

«ካናቢስ ቅጠል ነው፤ ሱስ አያስይዝም»

እውነታው፦ ከሚጠቀሙት 9 በመቶ ገደማው ጥገኛ ይሆናሉ፤ በአፍላ ዕድሜያቸው ከጀመሩት ግን ከ6 አንዱ። ሰበቡ አንጎል ነው። ውሳኔን የሚመዝነው፣ ስሜትን የሚገታው የግንባር ክፍል የሚበስለው በመጨረሻ፣ በ25 ዓመት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት የተለማመደው ነገር ሥር ይሰዳል። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር መጠንም እንደ ድሮው አይደለም። በአሜሪካ በተያዙ ናሙናዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 4 በመቶ ያህል የነበረው በ2014 12 በመቶ ደርሶ ነበር። በምግብ ውስጥ ተጋግሮ ሲበላ ደግሞ ስሜቱ የሚመጣው ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ዘግይቶ ነው፤ ልጁ «አልሠራም» ብሎ ይደግማል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጡበታል።

«ቤት ውስጥ እኛ ፊት ቢቀምስ ይሻላል፤ ልኩን ይማራል»

እውነታው፦ ይህ ከፍቅር የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጥንቁቅ ወላጆች ያምኑታል። አውስትራሊያ ውስጥ 1,927 ታዳጊዎችን ለስድስት ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግን ከወላጅ እጅ መጠጣት ከምንም ጉዳት እንዳላዳናቸው አሳይቷል። እንዲያውም ከወላጅ የተቀበሉት በኋላ ከሌላ ሰው የመቀበል ዕድላቸው ጨምሯል። ከ15 ዓመት በፊት የጀመሩ ሰዎች ከ20 በኋላ ከጀመሩት ይልቅ በአልኮል ጥገኝነት የመያዝ ዕድላቸው አራት እጥፍ ገደማ መሆኑም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ልጁ ከቤት የሚማረው ፈቃድን ነው።

«አስፈሪ ሥዕልና ንግግር ይበቃል»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1983 በሎስ አንጀለስ የተጀመረው፣ ፖሊስ ክፍል ገብቶ የሚያስተምርበት «ዴር» የተሰኘ ፕሮግራም በሰፊው ተዳርሶ ነበር፤ በተደጋጋሚ ሲገመገም ግን የመጀመሪያው ቅጂው በልጆቹ ጠባይ ላይ ዘላቂ ለውጥ አላመጣም። በአንጻሩ አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ተማሪዎች 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ሰክረው ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ሆነ። በየቀኑ የሚያጨሱት ከ23 ወደ 3 በመቶ ወረዱ። የተሠራው ሥራ ተራ የሚመስል ነው። የልጆች ስፖርትና ሙዚቃ በአሰልጣኝና በገንዘብ ድጎማ ተደገፈ፤ ወላጆች በየትምህርት ቤቱ ተስማምተው የማታ መግቢያ ሰዓት አስከበሩ፤ የሽያጭ ዕድሜ ጠበቀ፣ ማስታወቂያ ተከለከለ፤ ተማሪዎቹ በየጊዜው እየተጠየቁ ውጤቱ ለየትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ለተማሪ ደግሞ ሌላ የሚነገር እውነት አለ፤ ልጆች የሚጠጡና የሚያጨሱ እኩዮቻቸውን ቁጥር አብዝተው ይገምታሉ። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ግምት ራሱ ይገፋል፤ የራሳቸው ትምህርት ቤት ትክክለኛ ቁጥር ሲነገራቸው ይቀንሳል።

«ከተያዘ ይባረር፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናል»

እውነታው፦ የተባረረ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከማንም እይታ ውጭ ነው፤ የሚያገኘውም ከእሱ በፊት የተባረሩትን ነው። ትምህርት ቤቱ ዕቃውን ይውሰድ፣ ወላጅ ይጥራ፣ ልጁን ከአንድ የሚያምነው ሰው ጋር በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት ያገናኝ። ወላጅም ልጁ ሰክሮ ሳለ ምርመራ አይጀምር፤ በማግስቱ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ካየው ነገር ይጀምር፦ «ቦርሳህ ውስጥ ይህን አገኘሁ፤ እንዴት እንደ ጀመርከው ልስማ።» ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይከብዳል፤ ግን ምን፣ ስንት፣ ከማን ጋር፣ ምን ሲሆን እንደሚጠቀም የሚታወቀው ያኔ ነው። መልሱ «እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ» ወይም «ፈተና ሲደርስ» ከሆነ ሐኪም የሚያየው ጭንቀት ወይም ድባቴ ከሥሩ አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

«ልቡ ከቆረጠ በአንድ ቀን ይተዋል»

እውነታው፦ እንደ ዕፁ ዓይነት ይለያያል። ሲጋራና ቬፕ በአንድ ቀን ሊተው ይችላል። ብስጭቱና ናፍቆቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይከፋል፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀንሳል። አንዱ ናፍቆት የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ውሃ እየጠጣ፣ እየተራመደ ያሳልፈው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ወይም የእንቅልፍ ክኒን የለመደ ግን በድንገት ማቆም የለበትም፤ ከመጨረሻው መጠጥ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ ሊጥለው ይችላልና መጠኑን በሐኪም ክትትል ይቀንስ። ኦፒዮይድ ለተወ ልጅ ደግሞ ከባዱ ጊዜ በኋላ ነው የሚመጣው። ለጥቂት ሳምንታት ካቆመ ሰውነቱ መልመዱን ይረሳል፤ አንድ ቀን ተሸንፎ የድሮውን መጠን ቢወስድ ያው መጠን ይገድለዋል። ይህን ለልጁም አብረውት ለሚኖሩትም በግልጽ ንገሯቸው፤ ናሎክሶን ከተገኘም ቤት ውስጥ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ።