ኮንቴይነር ሰብሮ መውጣት ምንድን ነው?

«ኮንቴይነር ውስጥ ስለሆነ ችግር የለም።» ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰርቨር ከሚነካካ ሰው ይህችን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ገና የተመረቀውም ይላታል፣ የመሥሪያ ቤቱ አይቲም ይላታል። ግማሿ እውነት ነው።

ኮንቴይነር ማለት አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር ለብቻው ከልሎ ማስኬጃ ዘዴ ነው። ኮንቴይነር የሚያስነሳው ዶከር የተባለው ፕሮግራም በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ነገሩን ለሁሉም ሰው አቀለለው። ውስጥ ያለው ፕሮግራም የሚያየው የራሱን ፋይሎች፣ የራሱን ኔትወርክና የራሱን ፕሮሰሶች ብቻ ስለሆነ ማሽኑ በሙሉ የሱ ይመስለዋል። አይደለም። ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ሙሉ ኮምፒውተር) የራሱ ከርነል (ፕሮግራሞችንና ሃርድዌሩን የሚያገናኝ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አለው፤ ኮንቴይነር ግን የለውም። አንድ ሰርቨር ላይ ሃያ ኮንቴይነር ብታስነሱ ሃያዎቹም የሚሠሩት በዚያው በአንድ የሊኑክስ ከርነል ነው።

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለተማሪ የሚከራዩትን፣ በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች አስቡ። እያንዳንዱ የራሱ በርና ቁልፍ አለው። ግድግዳው ግን ኮርኒሱ ጋ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ኮርኒሱን ቀዶ የወጣ ሰው የማንንም ቁልፍ አይፈልግም። ከርነል ማለት ያ የጋራ ጣሪያ ነው።

ሰብሮ መውጣት የሚባለውም ይኸው ነው፦ ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ክልሉን አልፎ ሰርቨሩን ራሱን ሲነካ። አብሮት የሚጠራው ፕሪቪሌጅ ኢስካሌሽን ደግሞ ያልተሰጠን ሥልጣን መውሰድ ነው፤ ተራ ተጠቃሚ ሆኖ ገብቶ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችል ዋና ተጠቃሚ) ሆኖ መገኘት። አንድ አይደሉም፣ ግን አብረው ሲመጡ ነው ጉዱ።

ለምን ቢባል፣ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ሩት መለያ ቁጥሩ 0 ነው። ውጭ ያለው የሰርቨሩ ሩትም 0 ነው። ካልቀየራችሁት በቀር ለከርነሉ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ከርነሉ ኮንቴይነር ውስጥ ባለው ሩት ላይ አንዳንድ ሥልጣኖችን ይቀንስበታል፣ ወደ ከርነሉ የሚደረጉ አንዳንድ ጥሪዎችን ይከለክለዋል እንጂ ሌላ ሰው አያደርገውም። ስለዚህ የሆነች ቀዳዳ አግኝቶ ከወጣ ሩት ሆኖ ነው የሚወጣው።

ቀዳዳዎቹ ምን እንደሚመስሉ በራንሲ (runc) እንይ። ዶከርና ብዙ የኩበርኔቲስ (ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) ሰርቨሮች ኮንቴይነሩን በቀጥታ የሚያስነሳላቸው ይህ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በፌብሩዋሪ 2019 ይፋ የሆነው ቀዳዳ ሲቪኢ-2019-5736 ይባላል (ሲቪኢ ይፋ የወጡ የደኅንነት ቀዳዳዎች የሚሰጣቸው መለያ ነው)። ራንሲ ኮንቴይነር ለማስነሳት ወይም ውስጡ ትእዛዝ ለማስኬድ ሲገባ ለአፍታ ከውስጥ ይታያል። ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ ፕሮግራም በዚያች አፍታ ሰርቨሩ ላይ ያለውን የራንሲን ፋይል ይይዝና በራሱ ኮድ ይተካዋል። ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪው ሌላ ኮንቴይነር ባስነሳ ቁጥር የሚሮጠው የሌባው ኮድ ነው፣ ያውም በሩት ሥልጣን። እኔ በግሌ ይህን ቀዳዳ ሳስበው ከመናደድ ይልቅ ይደንቀኛል።

የጃንዋሪ 2024ቱ ደግሞ ከዝርክርክነት የመጣ ነው። ራንሲ ሰርቨሩ ላይ ያለ አንድ ማውጫ ከፍቶ ሳይዘጋው ኮንቴይነሩን ያስነሳል። የኮንቴይነሩን መነሻ ማውጫ ወደዚያ ክፍት ወደተተወው አድርጎ ያዘጋጀ ሰው በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ ያርፋል። ስሪት 1.1.12 ላይ ተዘጋ።

ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ዶከር ዴስክቶፕ የጫናችሁ ተማሪዎች ደግሞ ይቺን ስሙ። በኦገስት 2025 የታወቀው ሲቪኢ-2025-9074 ምንም ጥበብ አይፈልግም ነበር። ከኮንቴይነሩ ውስጥ ሆኖ 192.168.65.7 በሚል አድራሻ፣ በ2375 ፖርት፣ የዶከር ሞተሩን ያለ ፓስዎርድ ማዘዝ ይቻል ነበር። «የሲ ድራይቩን ወደ ውስጥ አስገባልኝ» ብትሉት እሺ ይላል። 4.44.3 ላይ ተስተካክሏል፤ ግን ፓኬጅ ይበላል ብሎ አፕዴቱን የሚያሳድር ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ በእኔ ግምት የእኛን ሰርቨሮች የሚያስደፍራቸው እንዲህ ያለ የረቀቀ ነገር አይደለም። በሩን ራሳችን ነን ከፍተን የምንተወው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለተግባር ልምምድ የመጣ ልጅ «ጋሼ፣ ፐርሚሽን ዲናይድ ይለኛል» አለ። ጋሼውም «ዶከር ግሩፕ ውስጥ አስገብቼሃለሁ፣ አሁን ሞክረው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዶከር ግሩፕ ማለት ዶከርን ማዘዝ የተፈቀደላቸው ተጠቃሚዎች ቡድን ነው፤ በዚያች ደቂቃ ልጁ የሰርቨሩ ባለቤት ሆኗል። የሰርቨሩን ዋና ማውጫ ሙሉውን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ኮንቴይነር በአንድ መስመር ትእዛዝ ማስነሳት ይችላል፤ የፓስዎርድ ፋይሉ፣ የሌሎች ሰዎች ሥራ፣ ዳታቤዙ፣ ሁሉም እጁ ላይ ነው። ሱዶ (በሩት ሥልጣን ለማዘዝ የሚያገለግለው ትእዛዝ) አልጠየቀውም። የዶከር መመሪያ ራሱ ዶከር ግሩፕ የሩትን ያህል ሥልጣን እንደሚሰጥ በግልጽ ጽፎታል፤ ማን ያነበዋል? የዶከር ሶኬቱን (ዶከር ትእዛዝ የሚቀበልበትን በር) ኮንቴይነር ውስጥ ማስገባትም ያው ነው። «ፕሪቪሌጅድ» የሚለውን ምርጫ ማብራትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቀደም ብዬ ያልኳቸውን ክልከላዎች አብዛኞቹን ያነሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፕሮግራሙን ውስጥም ቢሆን በሩት አታስኬዱት። የማያስፈልገውን ሥልጣን ሁሉ ቀንሱበት። ከዶከር 20.10 ወዲህ ከሙከራ የወጣ ሩትለስ የሚባል አሠራር አለ፤ ዶከሩ ራሱ በተራ ተጠቃሚ ስለሚሮጥ ሰብሮ የወጣው ሩት ሆኖ አይወጣም። የማታውቁት ሰው ኮድ የምታስኬዱ ከሆነ ግን በኮንቴይነር ብቻ አትተማመኑ፣ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገቡት። የከርነል አፕዴት ደግሞ በተለምዶ ሪስታርት ካልተደረገ አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ሪስታርቱ በነፃ ይመጣል፣ አፕዴቱን ቀድማችሁ ከጫናችሁት ማለቴ ነው።

«ዶከር ቨርዥን» (docker version) ብላችሁ ብትጽፉ ከታች በኩል የራንሲ ቁጥር ይወጣል። በኖቬምበር 2025 ሌሎች ሦስት የራንሲ ቀዳዳዎች ይፋ ስለሆኑ 1.2 ላይ ያላችሁ ቢያንስ 1.2.8፣ 1.3 ላይ ያላችሁ ቢያንስ 1.3.3 ማየት አለባችሁ። ራንሲውን ከኡቡንቱ የጫናችሁ ቁጥሩ አሮጌ ቢመስልም አትደንግጡ፤ ኡቡንቱ ብዙ ጊዜ ጥገናውን አሮጌው ስሪት ላይ ይጨምረዋል፣ ስለዚህ የራሱን የደኅንነት ማስታወቂያ ነው ማየት ያለባችሁ።