የጋራ አዘጋጅነት ምንድን ነው? ወጪስ በግማሽ ይቀንሳል?

«ከጎረቤት ጋር ብናዘጋጀው እኮ ወጪው በግማሽ ይወርዳል።» ኢትዮጵያ የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምትፈልግ ከተሰማ ወዲህ ይህቺን አባባል ስንቴ ሰማኋት መሰላችሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ የሬዲዮ ተንታኝ በሙሉ እምነት ደገማት። በቃ፣ ልጻፍ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሁለት ፌዴሬሽኖች አንድ ውድድር ያዘጋጃሉ፣ ጨዋታዎቹን ይካፈላሉ። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ወጪው ከጨዋታው ቁጥር ጋር እኩል ይወርዳል ያለው ማን ነው?

ፈረንሳይ በ1998 የዓለም ዋንጫን በ10 ስታዲየም አስተናገደች። ደቡብ ኮሪያና ጃፓን በ2002 ያንኑ 32 ቡድን፣ ያንኑ 64 ጨዋታ በ20 ስታዲየም አስተናገዱ። ለእያንዳንዳቸው 10። የታለ ግማሹ? ተንታኙ «ቤልጅየምና ኔዘርላንድስስ?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ አራት አራት ስታዲየም ይዘው ቀረቡ። እንግሊዝ በ1996 ለዚያው ለ16 ቡድን 8 አሰልፋ ነበር። ስታዲየም ሊካፈል ይችላል፣ አልክድም። የማይካፈለው ሌላው ነው።

አንድ ሠርግ በሁለት ግቢ ሲደገስ አስቡት። እንግዳው ለሁለት ተከፍሏል። ዳሱ ግን ሁለት ነው። ጉልቻው ሁለት፣ ወጥ ሠሪዋ ሁለት፣ አጋፋሪው ሁለት። ጠላው ቢቀንስም ጋኑ ያው ሁለት ነው። በጥሪ ካርዱ ላይ የማን ስም ይቅደም የሚል ኩርፊያም አለ። ኮሪያና ጃፓን ለየብቻ ሲፎካከሩ ቆይተው ፊፋ ነው በ1996 ያጋባቸው፤ ኮሪያ ስሟን አስቀደመች፣ ጃፓን በፈንታው ፍጻሜውን ዮኮሃማ ወሰደች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ በሁለቱ ግቢ መካከል አጥር አለ።

አጥሩ የእኔ እንጀራ ነው፤ የምሠራው ጉምሩክ ትራንዚት ላይ ነው። ስለ ደጋፊ ቪዛ ሁሉም ያወራል፣ ስለ ዕቃ ትንፍሽ የሚል የለም። ካሜራ፣ ኬብልና ጄኔሬተር የጫነ መኪና በጊዜያዊነት ይገባል። ለቀረጡ ዋስትና ይያዛል፣ ዕቃው ሲወጣ ይለቀቃል። ያው መኪና ለቀጣዩ ጨዋታ ድንበር ሲሻገር እዚህ ወጪ፣ እዚያ ገቢ ዕቃ ይሆናል። አንድ ሲሪያል ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር ካልገጠመ ኬላው ላይ ሊያድር ይችላል። ጨዋታው ደግሞ አይጠብቅም። (ለደጋፊ የሚታደል ቲሸርትና ውሃ በዚህ ሥርዓት አይስተናገድም፤ ተመልሶ የማይወጣ ነገር ጊዜያዊ አይባልም። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።)

ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ ይህ ጣጣ አልነካቸውም፤ ሁለቱም የአውሮፓ ኅብረት አባል ናቸው። የ2012ቱ ፖላንድና ዩክሬን ግን አንዷ ኅብረቱ ውስጥ፣ አንዷ ውጭ ነበሩ። የባቡር ሐዲዳቸው ስፋት እንኳ አይገጥምም፤ የአንዷ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የሌላዋ 1,520።

«ሁለቱም ያለ ማጣሪያ ያልፋሉ» የሚባለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ኢኳቶሪያል ጊኒ በ2012 ከጋቦን ጋር ስላዘጋጀች ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ዋንጫ ላይ ተጫወተች። ለ2028ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ግን እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና አየርላንድ ሁሉም ማጣሪያ ይገባሉ፤ ለአዘጋጅ የተያዘው ቦታ 2 ብቻ ነው። ጎረቤት መሆንም ግዴታ አይደለም። ጋናና ናይጄሪያ በ2000 ሲያዘጋጁ ቶጎና ቤኒን መሃላቸው ነበሩ።

የ2027 አዘጋጆች ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ በዕቃ በኩል የተሻለ ይዘዋል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ኅብረት ታቅፈዋል። ለሰው ግን የጋራ የቱሪስት ቪዛው ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ነው የሚያጠቃልለው፤ ታንዛንያ የለችበትም። ኢትዮጵያ ደግሞ የጉምሩክ ኅብረቱም አባል አይደለችም። ስለዚህ ተንታኙ «ከጎረቤት» ሲል የትኛውን ጎረቤት፣ በየትኛው ኬላ እንደሆነ ይንገረን። ሞያሌ ከሆነም ዋስትናውን ማን እንደሚያስይዝ ይጨምርበት።